ስልባቦት ያወጣ ውሃ

«ስድስት… ሰባት… ኧረ አትጋፉ! ስምንት…»

እፀገነት ዝቅ ያለው ጠረጴዛ ፊት ተንበርክካ፣ አፍንጫዋ መስታወቱን ሊነካ ትንሽ ቀርቶት ሽሪምፖቹን ትቆጥራለች። አሥራ አራት መሆን አለባቸው። ሌላ ቀን ቢሆን ቆጠራው ትዕግሥት ያስጨርሳል፤ አንዱ ከድንጋይ ሥር ይሸጎጣል፣ አንዱ ከውሃ ሣሩ ጀርባ ይሰወራል፣ ሌላው ደግሞ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። ዛሬ ግን የተደበቀ የለም። አሥራ አራቱም ሽቅብ ወጥተው፣ ከውሃው ፊት ዝቅ ብሎ በተንሳፈፈው ሣር ላይ ተንጠልጥለዋል። ቆጠራው እንደዛሬ ቀሏት አያውቅም፤ እንደዛሬም አስፈርቷት አያውቅም።

ጎንበስ ብላ የውሃውን ፊት ከጎን አየችው። ትናንት ከሰዓት በኋላ ብቅ ያለው ስስ ሽፋን ዛሬ ገጹን ሁሉ ለብሶታል። እንዲያው ሲያዩት ግራጫ ነው፤ የመስኮቱ ብርሃን ሲያርፍበት ግን ረክሻ የሚሉት ባጃጅ ዘይት አንጠባጥቦበት እንደሄደ ኩሬ ሐምራዊና አረንጓዴ ያወጣል። በማንኪያ ልትጨልፈው ሞከረች። ተሰነጣጠቀ፣ ከማንኪያው ሸሸ፣ ማንኪያው ሲወጣ ተመልሶ ተጋጠመ። አምስት ጊዜ ጨልፋ ያወጣችው ንጹሕ ውሃ ብቻ ነበር።

ይባስ ብሎ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መብራት ጠፍቷል። ቡልቅ ቡልቅ እያለ ውሃውን ሲያንቀሳቅስ የነበረው ትንሽ የአየር ፓምፕ ጸጥ ብሏል። እነሱ በሚኖሩበት የካርቱም ሰፈር፣ ጀሪፍ ውስጥ፣ መብራት ሲጠፋ መቼ እንደሚመጣ የሚጠይቅ ሰው የለም።

ሽሪምፖቹ የራሷ ቢሆኑ ኖሮ እንዲህ ባልተጨነቀች። የሐበሾች ትምህርት ቤታቸው ንብረት ናቸው፤ እውነቱን ለመናገር ደግሞ የባዮሎጂ አስተማሪዋ የቲቸር ዘማርያም የዓይን ብሌኖች ናቸው።

ቲቸር ዘማርያም ቡሪ ከሚባለው ሰፈር ከሚኖር ሱዳናዊ ወዳጁ ስድስት ሽሪምፕ በማርማላታ ጠርሙስ ይዞ የመጣ ቀን ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ከጥፍር የማይበልጥ፣ እንደ በርበሬ የቀላ ነገር ምን ሊረባ! አንዱማ «ቲቸር፣ ለምሳ ስንቱ ይበቃል?» ብሎ ጠየቀ። ቲቸር አልተቆጣም። «ለሁለት ደቂቃ ዝም ብላችሁ እዩአቸው» አለ ብቻ። ሁለቱ ደቂቃ አለፈ፣ አምስተኛውም አለፈ፣ ደወል ተደወለ፤ የተነሣ ተማሪ አልነበረም። እነዚያ ክር የሚያካክሉ እጆቻቸው ከድንጋዩ ላይ እየለቀሙ ወደ አፍ፣ እየለቀሙ ወደ አፍ! ለአፍታ እንኳ ሥራ አይፈቱም። እፀገነት ልቧን የሰጠቻቸው ያኔ ነው።

ከጥምቀት በኋላ ትምህርት ቤቱ ለሁለት ሳምንት ሲዘጋ፣ አኳሪየሙ ለሁለት የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ተሰጠ፤ ለእፀገነትና ለጓደኛዋ ለሬሕማ። የእፀገነት ቤት በጭቃ ጡብ የተሠራ ስለሆነ ቀዝቀዝ ይላል፤ ስለዚህ እዚያ ተቀመጠ። ሁለት መንገድ አልፋ የምትኖረው ሬሕማ በየቀኑ እየመጣች ታበላለች፤ ውሃውንና ሣሩን የምትጠብቀው እፀገነት ናት። የቲቸር መመሪያ በእጅ ጽሑፉ መስታወቱ ጎን ላይ ተለጥፏል። ምግብ በቀን አንድ ፍሬ ብቻ ነው። ውሃ ሲጎድል ዚር ከሚሉት የሸክላ ጋን ውስጥ ካደረው እንጂ በቀጥታ ከቧንቧ አይጨመርም። ቤት ውስጥ የትንኝ መድኃኒት አይነፋም። ሳሙና የነካው እጅ ደግሞ ፈጽሞ ውሃው ውስጥ አይገባም፤ ይህችኛዋን ሁለት ጊዜ አስምሮባታል።

ከሽሪምፖቹ ሁሉ ትልቋ «ወይዘሮ» ትባላለች። ሆዷ ሥር ሃያ ሠላሳ የሚሆኑ ቢጫ እንቁላሎች ታቅፋ፣ ቀኑን ሙሉ በእግሮቿ ታራግብላቸዋለች። «እንቁላሎቹ በእናንተ እጅ ከተፈለፈሉ፣ እስከ ዓመቱ መጨረሻ አሳዳጊዎቹ እናንተ ናችሁ» ብሏል ቲቸር። «ካልተጠነቀቃችሁ ግን ለሌላ ተረኛ እሰጣለሁ።»

ለሬሕማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ካርቱም ነው፤ ቤታቸው ውስጥ ከአማርኛው ዐረብኛው ይበዛል። አማርኛ እንድታነብ ስትጠራ ፊደሉ እየተምታታባት ትቆማለች፤ ከኋላ የሚንሾካሾክ አይጠፋም። ሽሪምፖቹ ጋ ስትደርስ ግን ሌላ ሰው ናት። ማን መቼ ቅርፊቱን እንደጣለ፣ የማን ቀለም እንደደመቀ፣ ወይዘሮ ስንት እንቁላል እንደያዘች በእርሳስ የምትሥልበት ደብተር አላት። ቲቸር ያንን ደብተር ለክፍሉ ገልጦ ያሳየ ዕለት ማንም አልሳቀም።

እፀገነት ትናንት ያደረገችውን ያደረገችው ይህን ሁሉ እያወቀች ነው። ሽፋኑን እንዳየች ደንግጣ ለቲቸር በስልክ የድምፅ መልእክት ላከች። እሱም «ምግብ አብዝታችሁ ይሆን?» አላት። ጠየቀ እንጂ አልወቀሰም። እሷ ግን ጥፋቱ እሷ ጋ እንዳይደርስ ቸኮለች። «ሬሕማ አብዝታ ነው። ሁለት ሦስት ፍሬ ስትጥል አይቻለሁ» አለችው።

አላየችም።

«እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ ምግቡን አንቺ ያዢው፤ ሬሕማን እኔ አነጋግራታለሁ» የሚል መልስ መጣ። እፀገነት «ካላበዛች ታዲያ ከየት ይመጣል?» እያለች ራሷን ስታባብል አመሸች። ራሷ ግን አልተባበለላትም።

አሁን ሽሪምፖቹን እንዲያ ተንጠልጥለው ስታይ ወደ ጓሮ ተጣራች።

«እማ! ነይማ፣ እዪልኝ!»

እናቷ ዘርፈሽ እርጥብ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ከጓሮ ገባች። ዐማራት በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር አንድ ትልቅ ቤት በማጽዳትና በማብሰል አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች። የምታርፈው ዓርብ ብቻ ነው፤ የራስን ልብስ ማጠብ ማረፍ ከተባለ። የሰፈሩ ሐበሾች ከአገር ቤት ቅቤ ሲመጣላቸው «አንጥሪልን» ብለው የሚያመጡት ለእሷ ነው፤ የእሷ ቅቤ አተላ የለበትም ይላሉ።

ዘርፈሽ ቁጢጥ ብላ ውሃውን አየች። ከላይ አየች፣ ከጎን አየች፣ አንገቷን አዘንብላ በብርሃኑ አቅጣጫ አየች። ነገር ስትመረምር ቸኩላ አትናገርም፤ እፀገነት ይህን ስለምታውቅ ምላሷን ነክሳ ጠበቀች።

«ስልባቦት አውጥቷል» አለች በመጨረሻ።

«ምን አውጥቷል?»

«ወተት ፈልቶ ሲቀዘቅዝ ላዩ ላይ የሚተኛው ቆዳ የለም? እንደሱ ነው። ተከድኖባቸዋል እኮ ልጄ! እነዚህስ አየር ይፈልጉ የለም?»

እፀገነት አፏን ከፍታ ቀረች። ቲቸር ዘማርያም አየር ወደ ውሃ የሚገባው በውሃው ፊት በኩል መሆኑን ለማስረዳት ሰሌዳ ሙሉ ሥዕል ሥሎ፣ ቀስት ደርድሮ፣ ግማሽ ክፍለ ጊዜ ፈጅቶበታል። እናቷ አራተኛ ክፍልን አልጨረሰችም፤ አንዴ አይታ ነገሩን ጨረሰችው።

«በማንኪያ ሞክሬ ነበር፣ እምቢ አለኝ።»

«በማንኪያማ ትበታትኚዋለሽ። ያንን የወጥ ቤት ወረቀት አምጪልኝ፣ ነጩን። ሽቶ ያለበትን እንዳታመጪ።»

ዘርፈሽ እጇን እስከ ክርኗ በዚር ውሃ ደጋግማ ለቀለቀች። ወረቀቱን በሁለት እጇ ወጥራ ያዘችና መጀመሪያ አንዱን ጠርዝ፣ ቀጥሎ መሐሉን፣ በመጨረሻ ሌላውን ጠርዝ ውሃው ላይ አስተኛችው። የተኛ ሕፃን ላይ ነጠላ እንደምታለብስ ነው የሚመስለው። ወረቀቱ ሲረጥብ ጠበቀች። ከዚያ ሁለቱን ጫፎች ይዛ፣ ሳትቸኩል፣ ወደ ራሷ እየሳበች አነሣችው። ከሥሩ የቀረው ውሃ ጥርት ብሎ፣ የመስኮቱ ፍርግርግ ሳይቀር ታየበት።

«ወይኔ እማ!» አለች እፀገነት።

«ገና ነው፤ አትጩሂ። ከጎን ያለው ተመልሶ ይመጣል።»

እውነትም መጣ። ሁለተኛ ወረቀት፣ ሦስተኛ ወረቀት። ዘርፈሽ በእያንዳንዱ ጊዜ እጇ አንድም አልተንቀጠቀጠም፤ ከሽሪምፖቹ አንዱም አልደነበረ። እፀገነት እናቷ ስትሠራ ያላየችበት ቀን የለም፤ ግን እነዚያን እጆች እንዲህ ቁጭ ብላ አይታቸው አታውቅም። ሳሙና ያሻከራቸው፣ ጥፍራቸው ያጠረ፣ አውራ ጣታቸው ላይ የድሮ ቃጠሎ ያለባቸው እጆች ናቸው። ኮራችባቸው። ቲቸር ቢያይ ክፍሉን ሁሉ ጠርቶ «ዝም ብላችሁ እዩአቸው» ይል ነበር ብላ አሰበች።

አራተኛውን ወረቀት አንሥታ ልትጥለው ስትል ዘርፈሽ ቆም አለች። ወረቀቱን በጣቶቿ አሸት አሸት አደረገችው፣ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። ከዚያ ቀና ብላ የልጇን ሻሽ አየች።

«እጅሽን ከትተሽ ነበር?»

«ሐሙስ… ትናንት ጠዋት። ሣሩ ተነቅሎ ተንሳፍፎ ስለነበር ልተክለው። ታጥቤ እኮ ነው!»

«በምን ታጠብሽ?»

«በውሃ። ሳሙና ክልክል ነው፤ ይኸው ተጽፏል!»

ዘርፈሽ ወረቀቱን አቀበለቻት። እፀገነት አሸተተችው። ስስ ናት፣ ልትጠፋ የደረሰች ሽታ፤ ግን ታውቃታለች። አደስ ነው። ለጥምቀት እናቷ ሹሩባ ሠርታት ጸጉሯን የቀባቻት በአደስ የታሸ ለጋ ቅቤ ነው። ትምህርት ቤት ስለሚዘጋ አይደል በግድ እሺ ያለችው? ጓደኞቿ እንዳያዩባት በዚህ ሁሉ ቀን ሻሿን ሳትፈታ፣ ሬሕማ በመጣች ቁጥር እያጠበቀች አይደል የሰነበተችው? ትናንት ጠዋት ሹሩባው አሳክኳት ጣቶቿን በሻሿ ሥር ሰድዳ ስታክ እንደቆየች ትዝ አላት። ከዚያ ሣሩን አየችው። ከዚያ እጇን በውሃ ብቻ አለቃልቃ ከተተች። ቅቤ ደግሞ በውሃ ብቻ አይለቅም፤ ይህን የቅቤ አንጣሪ ልጅ አጣችው።

ሬሕማ አንድ ፍሬ ብቻ ነበር የጣለችው።

«በይ እንግዲህ፣ አልሞቱም» አለች ዘርፈሽ። የቲቸርን መልእክት ነገር አታውቅም። «መብራቱ እስኪመጣ ውሃውን ማንቀሳቀስ ነው። ጠርሙስ ስጪኝ።»

የፕላስቲክ ጠርሙስ ክዳን በመርፌ ሦስት ቦታ ወጋች። የጠርሙሱን ቂጥ ቀድዳ፣ ዘቅዝቃ ከአኳሪየሙ በላይ ከመስኮቱ ብረት ጋር በገመድ አሰረችውና ከዚያው ከአኳሪየሙ ውሃ ሞላችው። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። እያንዳንዱ ጠብታ ሲያርፍ የውሃው ፊት እየተንቀጠቀጠ ይከፈታል። ሲያልቅ በጣሳ ቀድቶ መሙላት ነው።

በሩ ተንኳኳ።

«ሰላም ኻልቲ ዘርፈሽ።» ሬሕማ ናት፤ «ኻልቲ» በዐረብኛ አክስቴ ማለቷ ነው። ዓይኗ አብጧል፤ ደብተሯን ደረቷ ላይ አቅፋለች።

«ነይ ግቢ ሬሕማዬ። ምን ሆነሻል?»

«ምንም አልሆንኩ።» ወደ እፀገነት ዞረች። «ቲቸር ደወለ። ምግብ አብዝተሻል አለኝ። እኔ ወላሂ አንድ ነው የጣልኩት። አንድ ነው የመሰለኝ። ግን ምናልባት ሁለቱ ተጣብቀው ይሆናላ… አላውቅም። ማዕሌሽ እፁ፣ ይቅርታ። ወይዘሮ ብትሞት ራሴን…» አልጨረሰችውም።

እፀገነት የምትገባበት ጠፋት። ሬሕማ ብትቆጣት፣ ብትሰድባት ይሻላት ነበር። ያላጠፋችውን ጥፋት እንዲህ ፈልጋ ፈልጋ ለራሷ ስታገኝለት መስማት ግን አንጀቷን በላት።

ዘርፈሽ ሬሕማን አየች፣ ልጇን አየች፣ መሬት ላይ የተከመሩትን እርጥብ ወረቀቶች አየች። ገባት። እፀገነት እናቷ እንደገባት አወቀች፤ አሁን ትናገራለች ብላ ጠበቀች።

«ልብሱን ላስጣ» አለች ዘርፈሽ፤ ባልዲዋን አንሥታ ወጣች።

ሁለቱ ልጆች ብቻቸውን ቀሩ። ጠርሙሱ ሲጎድል ሬሕማ ትሞላለች፣ ቀጥሎ እፀገነት ትሞላለች። የሚነጋገሩት ስለ ጠርሙሱ ብቻ ነው። «ያላ፣ አለቀ።» «ቆይ፣ ሞላሁት።» ሬሕማ የመስታወቱን ጎን አልለቀቀችም፤ አንድ ሽሪምፕ ከሣሩ ወርዶ ድንጋዩ ላይ ሲያርፍ መጀመሪያ ያየችው እሷ ናት።

«ወረደ! እፁ፣ አንዱ ወረደ!»

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሌላው ወረደ። ከዚያ ሦስት አንድ ላይ። እጆቻቸው ደግሞ እንደ ልማዳቸው ሥራ ጀመሩ፤ እየለቀሙ ወደ አፍ። ስምንት ሰዓት ሲሆን ከላይ የቀረችው ወይዘሮ ብቻ ነበረች። ሬሕማ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ዱዓ እያደረገች ነው። እፀገነትም በልቧ «እመቤቴ» አለች። ወይዘሮ ሣሩን ለቀቀች፣ በእግሮቿ እንቁላሎቿን እያራገበች ቀስ ብላ ወረደችና ከጥቁሩ ድንጋይ ሥር ገባች።

ወዲያው ፓምፑ ቡልቅ አለ። ውጭ የሰፈሩ ልጆች «ጃት! ጃት!» እያሉ ጮኹ፤ መብራት መጣ ማለታቸው ነው።

ሬሕማ ፈገግ አለች። ደስታዋ ግን ብዙ አልቆየም። ደብተሯን ጠረጴዛው ላይ፣ ከምግቡ ብልቃጥ አጠገብ አስቀመጠችው።

«ኸላስ፣ በቃ፣ ይኼን አንቺ ያዢው። እንቁላሎቹ ሲፈለፈሉ ቀኑን ጻፊ። ሥዕሉ ባይሳካልሽም ግድ የለም፣ ቀኑን ብቻ።» ተነሥታ ነጠላ ጫማዋን መፈለግ ጀመረች።

እፀገነት ደብተሩን አየችው። ሬሕማ እስክትወጣ ዝም ብትል ማንም አያውቅም፤ እናቷ እንደሆነች ለማንም አትናገርም። ሽሪምፖቹም ይተርፋሉ፤ ቲቸርም ያመሰግናታል። እነዚያ ሻካራ እጆች ወረቀቱን እንዴት እንዳነሡት ግን ከዓይኗ አልጠፋም። ከሥሩ የቀረው ውሃ እንዴት ጥርት እንዳለም።

«ሬሕማ፣ ተቀመጪ።»

«እናቴ ትጠብቀኛለች።»

«ትንሽ። እባክሽ።» ከመሬት አንዱን ወረቀት አንሥታ ሰጠቻት። «አሽትቺው።»

ሬሕማ ግራ እየገባት አሸተተች። «ጥሩ ነው። ምንድን ነው?»

«አደስ ነው። ጸጉር የሚቀባ ቅቤ ላይ ይደረጋል።» እፀገነት ሻሿን ፈታችው። ሹሩባዋ በቅቤ እንዳብረቀረቀ ወጣ፤ ክፍሉን ያው ሽታ ሞላው። ለሳምንት የደበቀችው ነገር በአንድ ቅጽበት አደባባይ ዋለ። «ይህን በነካው እጄ ነው ውሃው ውስጥ የገባሁት። ሽፋኑ የመጣው ከእኔ ነው። ምግብ ስታበዢ አይቻለሁ ብዬ ለቲቸር የነገርኩትም እኔ ነኝ። አላየሁሽም። ፈርቼ ነው።»

ሬሕማ እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች። ከዚያ እጇን ዘርግታ ደብተሯን አነሣችና ተመልሳ ደረቷ ላይ አቀፈችው።

«ቅቤውስ ሼም አይደለም» አለች። «እኔ ብትነግሪኝ አልስቅም ነበር። ያኛው ነው ያመመኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ለቲቸር በድምፅ ነው የነገርሽው?»

«አዎ።»

«እንደሱው በድምፅ ንገሪው። እኔ እያለሁ።»

ጓሮ ውስጥ ዘርፈሽ እርጥብ ልብስ ስታራግፍ ይሰማል። እፀገነት ስልኳን አነሣች። የድምፅ መቅጃውን ምልክት በአውራ ጣቷ ተጫነችው።

«ቲቸር፣ እፀገነት ነኝ» አለች። «ሬሕማ አጠገቤ ናት።»